እነዚህ ልጆች የክረምት እንጉዳይ አይደሉም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስልኬ ላይ ጽሑፍ ላከልኝ። በአማርኛ ነው። ስለ ዲስክ ጎልፍ ነው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ስከፍተው ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ መጫወት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የአገሬ ሰው ግን እስካሁን የሚያውቀኝ «ያ ሳህን የሚወረውረው» እያለ ነው። አንድ ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ውስጥ አንድ ጋሼ ቦርሳዬን አጮልቀው አይተው «ይሄን ሁሉ ሳህን ይዘህ ማንን ልትጋብዝ ነው?» ብለውኛል። ስለዚህ በቋንቋዬ ስለዚህ ጨዋታ የጻፈ ሰው ማግኘት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ደስታዬ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አለቀ።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው በትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ስማቸው እየገነነ የመጣውን ወጣቶች አልወደዷቸውም። አምስት ክስ አላቸው። አንደኛ፣ ልጆቹ ዝናብ እንዳበቀለው እንጉዳይ በአንድ ሌሊት የፈሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ ክንድ እንጂ ጥበብ የላቸውም። ሦስተኛ፣ አንጋፋዎቹን ከሜዳ አባረዋል። አራተኛ፣ የጠራቸው ገንዘብ ነው። አምስተኛ፣ የ17 ዓመት ልጅ ዋንጫ የሚያነሳበት ጨዋታ ስፖርት ሊባል አይገባም፤ ስለዚህ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ከትልልቆቹ ጋር እንዳይሰለፍ ይከልከል።

የ17 ዓመቱ ልጅ ማን እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ ልንገራችሁ። ጋነን ቡር ይባላል። የአዮዋ ልጅ ነው። በኦክቶበር 2022 ደቡብ ካሮላይና ላይ የአሜሪካን የዲስክ ጎልፍ ሻምፒዮና አሸነፈ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያን ዋንጫ የወሰደ የለም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ሁለት መስመር። ነገሩ ጎልፍ ነው፤ ዱላና ኳስ የለውም እንጂ። ከመነሻው ዲስክ ትወረውራለህ። ካረፈበት ሄደህ እንደገና ትወረውራለህ። መጨረሻ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለህ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። በቃ።

ከእንጉዳዩ ልጀምር፤ ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው።

በዚህ ጨዋታ ማን መቼ እንደመጣ መደበቅ አይቻልም። የዲስክ ጎልፍ ማኅበሩ፣ ፒዲጂኤ የሚባለው፣ ለተመዘገበ ሰው ሁሉ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በተራ ነው። አንዴ ከተሰጠህ ዕድሜህን ሙሉ ያንተ ነው። ሻምፒዮን ብትሆንም አይቀየርም። ቁጥር አንድ ማኅበሩን በ1976 የመሠረቱት የኤድ ሄድሪክ ነው (እሳቸው ጋ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ)። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፖል ማክቤዝ 27523 ነው። ዛሬ የሚመዘገብ ሰው ከ200 ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ነው የሚደርሰው። ተጫዋቾች ስንተዋወቅ ቁጥር እንጠያየቃለን። የቀበሌ መታወቂያ በሉት፤ ስንት ክረምት እንዳሳለፍክ የሚያሳብቅ መታወቂያ።

የጋነን ቡር ቁጥር 75412 ነው። በ2015 ተመዝግቧል ማለት ነው። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን እስከ ዋንጫው ሰባት ዓመት አለ። እኛ አገር ሰው በሰባት ዓመት ሐኪም ሆኖ ይወጣል እኮ!

አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምርላችሁ። 73986። ይህ የክሪስቲን ታታር ነው። ኢስቶኒያዊት ናት። ልጅ እያለች ስትሮጥ የኖረችው በበረዶ ላይ፣ በስኪ ነው። ጉዳት አስቆማት። ዲስክ ያነሳችው ካደገች በኋላ ነው። እሷም የተመዘገበችው በዚያው በ2015 ነው። በሴቶች የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው መቼ ነው? በ2022፣ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ በምትባል ትንሽ ከተማ። በዓመቱ ቨርሞንት ላይ ደገመችው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ በአሥር ዓመቱ ጀመረ። ሌላዋ ሃያዎቹ ውስጥ ገብታ ጀመረች። በአንድ ዓመት ተመዘገቡ። ሁለቱም በሰባተኛው ዓመት፣ በወር ከምናምን ልዩነት፣ ትልቅ ዋንጫ አነሱ። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ነው ያዩት። ያዩትም የመጨረሻውን ቀን ነው።

ይህን የምለው ከቁጥር ብቻ ተነስቼ አይደለም። ጌይተርስበርግ አጠገብ ሴኔካ ክሪክ የሚባል ትልቅ ፓርክ አለ። ውስጡ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ አለው፤ ዛፍ የበዛበት፣ ዲስክ የሚውጥ ሜዳ ነው። ባለፈው መኸር፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ለትንሽ የሰፈር ውድድር ሄድኩ። ቀድሜ የደረስኩ መስሎኝ ነበር። መለማመጃው ቅርጫት ጋ አንዲት ልጅ ቆማለች። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ መኪና ውስጥ ጋቢ የመሰለ ነገር ተከናንባ ቡና ትጠጣለች።

ልጅቷ አሥር ፓተር መሬት ላይ ደርድራለች። ፓተር ማለት ለቅርብ ውርወራ የሚሆነው፣ ጠርዙ ወፈር ያለው ዲስክ ነው። አንዱን ታነሳለች። እግሯን ታስተካክላለች። ትወረውራለች። ከሽ ይላል ሰንሰለቱ። ሌላውን ታነሳለች። ከሽ። አሥሩ ሲያልቅ ትሰበስብና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። አንዱን ከሳተች ግን ወደ ኋላ አትልም። እዚያው ቆማ አሥሩንም ከመጀመሪያ ትደግማለች። አጠገቧ አሠልጣኝ የለም። ጣቶቿ በብርዱ ቀልተዋል። በየመሃሉ ብብቷ ውስጥ ትወሽቃቸዋለች።

እኔ በዚያን ሰዓት የጫማዬን ክር እያሰርኩ ስለ ወገቤ አማርር ነበር።

በስድስት ውርወራ በለጠችኝ። በርቀት እበልጣታለሁ። በደንብ ነው የምበልጣት። ችግሩ የእኔ ዲስክ ርቆ ሄዶ ጫካ ይገባል። የእሷ አጠር ብሎ መሃል መንገድ ላይ ያርፋል። ውድድሩ አልቆ ሁላችን ወደየመኪናችን ስንሄድ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ከሽ። ዞር አልኩ። ተመልሳ መለማመጃው ጋ ናት። እናቷ ሰዓቷን ታያለች።

ይህች ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ስክሪን ላይ ብትመጣ ጸሐፊው ከየት በቀለች ሊሉ ነው። ከሴኔካ ክሪክ ነዋ!

ደግሞም መንገዱ የተደበቀ አይደለም። ማኅበሩ ለልጆች ምድብ አለው፦ እስከ 18 ዓመት፣ እስከ 15፣ እስከ 12፣ እያለ እስከ 6 ዓመት ድረስ ይወርዳል። የስድስት ዓመት ልጅ ነጥቡ ተመዝግቦለት ይወዳደራል። የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና ራሱን ችሎ አለ። የልጆቹ ውጤት ሁሉ ማንም ሊያየው በሚችለው መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ብዙው ሜዳ የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ነው፤ አይከፈልበትም። አንድ ዲስክ ገዝተህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ መሄድ ነው። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ ሜዳው ከሰፈሩ አይርቅም። የ2024 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮን ኤቬሊና ሳሎነን ፊንላንዳዊት መሆኗ እዚያ ማንንም አላስገረመም።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ፤ ክንድ ብቻ ወደሚለው።

ክንድ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የዓለም ዋንጫ ሁሉ ቤቱ የሚደረደርለት ሰው ዴቪድ ዊጊንስ ነበር። በ2016 ኔቫዳ በረሃ ላይ፣ ነፋስ ከኋላው ይዞ፣ ዲስክ 338 ሜትር ወርውሯል። ሦስት የኳስ ሜዳ ደርድራችሁ ገና ትንሽ ይቀራችኋል። እሱም በልጅነቱ ጀምሮ በርቀት ክብረ ወሰን የታወቀ ነው። በዋናው ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ግን ሆኖ አያውቅም። ርቀት አንድ ነገር ነው፣ ጎልፍ ሌላ ነገር ነው።

ቡር ያሸነፈበትን ሜዳ ጸሐፊው ቢያዩት ይህን አይጽፉም ነበር። ሮክ ሂል ከተማ፣ ዊንትሮፕ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሐይቅ ዳር ነው። ሜዳው ገላጣ ነው፤ ለክንደኛ የተሠራ ይመስላል። ማታለያው እዚያ ጋ ነው። ሜዳውን ሙሉ ቢጫ ገመድ ዘርግተውበታል። ዲስክህ ከገመዱ ውጭ ካረፈ ቅጣት ይቆጠርብሃል። በጣት የምትለካ ስህተት ነጥብ ትሆናለች። አራት ቀን እንደዚያ ነው።

አሥራ ሰባተኛው ቅርጫት ደግሞ አለ። ርቀቱ ምንም አይደለም። ለእነሱ በፓተር የሚደረስ ነው። ግን ቅርጫቱ ዙሪያ ድርቆሽ እንደ አጥር ተከምሯል። ወይ አጥሩ ውስጥ ታርፋለህ፣ ወይ ትቀጣለህ። መሃል ቤት የለም። አራት ቀን ሲመሩ የቆዩ ሰዎች እዚያች ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ሲጠርጉ ታያላችሁ። ላብ ነው። የመጨረሻው ቀን፣ ተመልካቹ ገመዱን ተደግፎ፣ አንድ ቅርጫት ብቻ ቀርቶህ፣ 175 ግራም ፕላስቲክ ይዘህ ቆም በልና ክንድህ ምን እንደሚጠቅምህ ንገረኝ።

ዲስክ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሰው ይህን አያውቅም። በቀኝ እጅህ እንደ ተለመደው ከደረትህ አሻግረህ ከወረወርክ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ግራ ይወድቃል። በመዳፍህ በኩል ካወጣኸው፣ ፎርሃንድ የሚሉት፣ ወደ ቀኝ ይወድቃል። አንዳንዱ ዲስክ ቶሎ ይታጠፋል። አንዳንዱ ያረጀና ጭራሽ ጠባዩን ይቀይራል። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ሁሉም ሌላ ሰው ይሆናል። ባለሙያ ቦርሳው ውስጥ ሃያ ዲስክ ይዞ የሚዞረው ለፉከራ አይደለም። እያንዳንዱ ለአንድ ዓይነት መታጠፊያ ነው። ይህን ሁሉ በ30 ሰከንድ ውስጥ አስበህ መወርወር አለብህ፤ ሕጉ የሚሰጥህ ያን ያህል ነው።

ከቅርጫቱ አሥር ሜትር ውስጥ ስትሆን ደግሞ ወርውረህ ሚዛንህን ጠብቀህ መቆም አለብህ። ተንደርድረህ ወደፊት መውደቅ አይፈቀድም። ውድድር የሚበላው እዚያች አሥር ሜትር ውስጥ ነው። ያቺ የሴኔካ ክሪክ ልጅ ጣቷ እየቀላ የምትለማመደው ምን መሰላችሁ?

ሦስተኛው ክስ፣ አንጋፋዎቹ ተባረሩ የሚለው። እዚህ ጋ ጸሐፊው የተሳሳቱት በዓመተ ምሕረት ነው።

በ2022 የዓለም ሻምፒዮና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኤምፖሪያ ላይ አለቀ። ማን አሸነፈ? ፖል ማክቤዝ። 32 ዓመቱ ነበር። ከአሮን ጎሴጅ ጋር እኩል ወጥቶ፣ በተጨማሪ ጨዋታ ነው የረታው። ስድስተኛ ዋንጫው ነው። ከወር በኋላ የ17 ዓመቱ ቡር ሮክ ሂል ላይ አሸነፈ። በአንድ ዓመት ሁለቱም ሆነ። ማን ማንን አባረረ?

ከዚያ በፊት የነበረው 2021 ደግሞ የጎረምሳ ዓመት አልነበረም። ይህን ጨዋታ አንድ ቀን ለማየት ካሰባችሁ ከዚያ ጀምሩ። ኦግደን፣ ዩታ ነው። የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ቅርጫት። ማክቤዝ በአንድ ውርወራ ይመራል። ጄምስ ኮንራድ፣ ጸጉሩን ያስረዘመው ረጋ ያለ ሰው፣ ከቅርጫቱ 75 ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። ከዚያ ርቀት ሰው የሚያስበው አጠገቡ ለማሳረፍ ነው። እሱ ግን መክተት አለበት፤ አለበለዚያ አለቀ። ወረወረ። ዲስኩ ዞሮ መጣና ሰንሰለቱ መሃል ገባ። ሜዳው ተናወጠ። ተጨማሪ ጨዋታ ሄዱ፣ ኮንራድ አሸነፈ። እኔ ያን ቀን ቤቴ ሶፋ ላይ ነበርኩ፤ ስጮህ ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ከኩሽና እየሮጠች መጣች። ስነግራት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ደግሞ ወጣት ሻምፒዮን አዲስ ነገር ነው ያለው ማን ነው? ኬን ክላይሞ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ በ1990 ሲወስድ 22 ዓመቱ ነበር። እስከ 1998 ማንም አልነካውም፤ ዘጠኝ ተከታታይ ነው። ከዚያም በ2000፣ በ2002፣ በመጨረሻም በ2006 ደገመ። አሥራ ሁለት። ማክቤዝም የመጀመሪያውን በ2012 ሲወስድ 22 ነበር። ዛሬ ጸሐፊው አንጋፋ እያሉ የሚያዝኑላቸው ሰዎች በጊዜያቸው እነሱም ያስደነገጡ ልጆች ነበሩ። ያኔ ይህን ጽሑፍ ቢጽፉት ስለ ክላይሞ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ዛሬ ልጅ ቶሎ ይማራል። ክላይሞ ሲያድግ የሌላ ከተማ ተጫዋች እንዴት እንደሚወረውር ለማየት መኪና ነድቶ መሄድ ነበረበት። የዛሬ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ የማክቤዝን ወገብ ስድስት ጊዜ አዘግይቶ ያያል። ከ2020 ወረርሽኝ በኋላ ደግሞ ቤት የተዘጋበት ሁሉ ፓርክ ሲሄድ ሜዳው ሞላ። ብዙ ልጅ ከገባ ብዙ ጎበዝ ይወጣል። ጸሐፊው ብዛታቸው ጨመረ ብለው ቢሆን እስማማ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ጊዜ አላጠፋም። በዚህ ጨዋታ እጅግ የተወራለት ውል የተፈረመው በ2021 ነው፤ አሥር ዓመት፣ አሥር ሚሊዮን ዶላር፣ ከዲስክራፍት ኩባንያ ጋር። የፈረመው ማን ነው? ማክቤዝ። የ30 ዓመት ሰው፣ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። የቀሩት ብዙዎቹ ከከተማ ከተማ የሚሄዱት ቫን ውስጥ እያደሩ ነው። የቤንዚን ሒሳብ እየተካፈሉ። በገንዘብ የተጠራ ሰው እንዲህ አይኖርም፤ ሌላ ቦታ ቶሎ ይከፈላል።

አሁን አምስተኛው፣ የ17 ዓመት ልጅ ካሸነፈ ስፖርት አይደለም የሚለው። ይህን በአማርኛ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 18 ዓመቷ ነበር። በዚያ ምሽት ሩጫ ስፖርት አይደለም ያለ ሰው ሰምታችኋል? እኛ ሰፈር የነበረው ጭፈራ ነው። ፔሌ በ1958 ስዊድን ላይ የዓለም ዋንጫ ሲያነሳ 17 ነበር። ዲስክ ጎልፍ ላይ ሲሆን ብቻ ነው ዕድሜ ነውር የሚሆነው?

ክልከላውስ ቢመጣ ምን ይሆናል? ዋናው ምድብ በስሙም በሥራውም ክፍት ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ ልጅ ሳይል ደረጃው የበቃ ይገባል። ደረጃው በነጥብ ይለካል። 1000 ማለት ሜዳው የሚጠብቅብህን በትክክል የሚጫወት ሰው ነው። አሥር ነጥብ ከፍ ስትል በአንድ ዙር አንድ ውርወራ ያህል ትሻላለህ። ቡር ዛሬ ከ1040 በላይ ነው። በየዙሩ ከዚያ ጎበዝ ሰው አራት ውርወራ ይሻላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከእኩዮቹ ጋር አስሮ ማቆየት ለእኩዮቹም ቅጣት ነው። ሁልጊዜ ይሸነፋሉ፤ እሱም ምንም አይማርም። ደግሞ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ተጫውቶ ሽልማቱን በገንዘብ አልቀበልም ካለ አማተርነቱ ይቆይለታል። በሩ ተከፍቷል፣ መመለሻውም አልተዘጋም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ቀድመው አስበውበታል።

ከጽሑፉ ግን አንዲት መስመር አለች፣ ዝም ብዬ የማላልፋት። ጸሐፊው መጨረሻው አካባቢ፣ ለልጆቹ አካል ማን ያስባል ብለው ይጠይቃሉ። አንዴ ጠይቀው ተዉት። እኔ ቢሆን ጽሑፉን ከዚያ ነበር የምጀምረው።

ኢግል ማክማንን ውሰዱ። የቦልደር፣ ኮሎራዶ ልጅ ነው፤ በ1998 የተወለደ። በጎረምሳነቱ ወደ ውድድሩ ሲመጣ ያየው ሁሉ ቀጣዩ ንጉሥ እሱ ነው ብሏል። ያን ያህል ያምር ነበር አወራወሩ። ከዚያ ትከሻው ተጎዳ። ውድድር ላይ በግራ እጁ ሲወረውር አይተነዋል። ይታያችሁ፤ በዓለም ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነ ሰው፣ በሌላኛው እጁ። ጎበዝነቱን ያሳያል የሚሉ አሉ። እኔን ግን አሳዘነኝ። ዲስክ ጎልፍ ትከሻና ክርን ይበላል። አንድን እንቅስቃሴ በአንድ ወገን ብቻ በሺዎች ጊዜ መድገም ነው። አጥንቱ ገና የሚያድግ ልጅ ስንት ቢወረውር ይበቃዋል? ቤዝቦል ላይ ለልጆች የውርወራ ቁጥር ገደብ ያበጁት በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ጨዋታ እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። ያቺ የሴኔካ ክሪክ ልጅ ከውድድር በኋላ ተመልሳ ስትወረውር፣ እውነቴን ነው፣ ካደነቅኳት እኩል ክርኗ አሳስቦኛል።

ሁለተኛው ውል ነው። ኩባንያዎቹ ልጆቹን ቀድመው ያያሉ። ዲስክ ይልካሉ፣ ማሊያ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ወረቀት ይመጣል። የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅና ስለ ስፖርት ውል አንብቦ የማያውቅ አባት ጠረጴዛ ዳር ይቀመጣሉ። ቡር ራሱ ከቀድሞ ስፖንሰሩ ጋር በውል ተጣልቶ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማን ልክ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ሰው ጠበቃ ይዞ ወደ ልምምድ መሄድ የለበትም። ጸሐፊው ሁለተኛ ጽሑፍ ካሰቡ ስለዚህ ይጻፉልን። እኔ የመጀመሪያው አንባቢ እሆናለሁ።

አንዲት ትንሽ እርማት ቀርታለች። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ዲስኩ ጉድጓድ ይገባል ይላል። ጉድጓድ የለም። ፈረንጆቹም ሆል ይላሉ፤ ከጎልፍ የወረሱት ስም ነው። መሬት ላይ ግን የተቆፈረ ነገር የለም።

ይህም የሄድሪክ ሥራ ነው። ሰውየው ዋም-ኦ የሚባል አሻንጉሊት ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ ፍሪስቢ የሚባለውን የሚወረወር መጫወቻ ሳህን ያሻሻሉ ናቸው። በ1975 ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና አጠገብ ኦክ ግሮቭ ፓርክ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሠሩ። መጀመሪያ ዒላማው መሬት ላይ የተተከለ ምሰሶ ነበር። ነካ፣ አልነካም ጭቅጭቅ ሆነ። ሰንሰለትና ቅርጫት ያመጡት ያንን ጭቅጭቅ ለመገላገል ነው። ከሽ ካለና ውስጡ ከቀረ ገብቷል፤ ክርክር የለም። በ2002 ሲሞቱ ደግሞ በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው ተቃጥሎ፣ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ሆኖ ተሠራ። ሰውየው ራሳቸው እንኳ ጉድጓድ አልገቡም።